በደሴቷ ዙሪያ የዞርንበት ሐሙስ

ባለፈው ቅዳሜ ምስራቅ ሃምሳ አምስት ዓመት ሞላት። ልጇ ሊዲያ ሬይኖልድስበርግ ባለው ቤታቸው ድግስ ደግሳ፣ የእናቷ የድሮ ፎቶዎች ተራ በተራ በቴሌቪዥኑ ላይ እንዲያልፉ አድርጋ ነበር። እኔ ሶፋው ጥግ ላይ ሳህኔን ጭኔ ላይ አድርጌ የሰዉን የዱሮ ጸጉርና በስፖንጅ ያበጠ ትከሻ እያየሁ እስቅ ነበር። ድንገት ያቺ ፎቶ መጣች። ምስራቅ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ፣ የሰው ባርኔጣ ደፍታ፣ ነጭ ጀልባ ላይ ቆማ ትስቃለች። ከኋላዋ ከባሕር መሃል የወጣ፣ ጫፉ የሚጨስ ተራራ ይታያል።

"ማሚ፣ ዌር ኢዝ ዚስ? የት ነው?" አለች ሊዲያ።

"እሱማ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤" አለች ምስራቅ ወደ እኔ እየጠቆመች። "ያነሳችኝ አንቲ አስቴር ናት። እሷን ጠይቂያት፤ ከእኔ ይልቅ እሷ ታስታውሰዋለች።"

አስታውሰዋለሁ። ሐሙስ ነበር፤ ቀትር ላይ። ለልጅቷ ግን "አንድ ቀን እነግርሻለሁ" ብዬ አለፍኩት።

በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት ነው። እኔ ሃያ ዘጠኝ፣ እሷ ሃያ ስድስት ዓመታችን ነበር። ሁለታችንም ዲቪ ደርሶን የመጣን ነን፤ የተዋወቅነው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከኮሎምበስ ምሥራቅ በኩል አንድ አፓርትመንት ተጋርተን እንኖር ነበር። ሂተሯ የሚሠራው ስትሄድ ብቻ የሆነ አንዲት አሮጌ መኪና ነበረችን። ቀይ መብራት በያዘን ቁጥር ምስራቅ እጇን አፏ ውስጥ ልትከት ምንም አይቀራት። ሥራችንም አንድ ነበር፤ አፐር አርሊንግተን ውስጥ ሚስስ ኤለን የሚባሉ ሰማንያ ያለፋቸው ባልቴት እንንከባከባለን፤ እኔ ጠዋት፣ እሷ ከሰዓት በኋላ። ልጅ የላቸውም። ገንዘብ ግን ነበራቸው፤ ትዝታም ነበራቸው።

አንድ ቀን፣ መንገዱ ሁሉ በረዶና ጨው ሆኖ ጫማችን በነጣበት በየካቲት፣ ሁለታችንንም አንድ ላይ አስጠርተው "ከመሞቴ በፊት ደሴቴን ማየት እፈልጋለሁ" አሉን። ከባላቸው ጋር ጫጉላቸውን ያሳለፉባት የእሳተ ገሞራ ደሴት ናት፤ ስሟን ብነግራችሁም ስለማይጠቅማችሁ ይቅር። ካፒቴንና ምግብ አብሳይ ያለው የግል ጀልባ፣ እነሱ ያት የሚሉትን፣ ተከራይተው ዙሪያዋን ሊዞሩ ነው። እግራቸው ስለማይታዘዝላቸው የሚያነሳና የሚያስቀምጥ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ሁለት ሰው ማለት እኛ ነን። ምስራቅ ያን ቀን መኪናችን ውስጥ እስከ ቤት ድረስ ስትዘምር ሄደች።

ለጉዞው አንድ ቀን ሲቀረን፣ እሑድ ከሰዓት፣ እሷ ለመንገድ የሚሆን ነገር ልትገዛ እንደወጣች ስልክ ተደወለ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሼ ታደሰ ነበሩ።

"አስቴር፣ ብቻሽን ነሽ?"

"ብቻዬን ነኝ፣ ጋሼ።"

"የምስራቅ ወንድም ከአዲስ አበባ ኮል አድርጎልኝ ነበር። ስለ እናቷ ነው። ደግ ወሬ አይደለም። ዘመድ በሌለበት ባሕር ላይ አትስማው። ስትመለሱ እኛ መጥተን እንነግራታለን። እስከዚያ ወደ አገር ቤት እንዳትደውል አድርጊ።"

"እሺ፣ ጋሼ።"

"በጸሎት አስቢያት።"

ይኸው ነው። ሞቱ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ማን ይጠይቃል? እኔ ያደግሁት መርዶ እንደ እንቁላል በጨርቅ ተጠቅልሎ በሚያዝበት ቤት ነው። የአባቴን ሞት የሰማሁት እሱ ከተቀበረ ከአርባ ቀን በኋላ ነበር፤ ያውም በማለዳ፣ ሰባት ሰው በሬ ላይ ቆሞ። ወሬ እንዲህ ተሸፋፍኖ፣ "እኛ መጥተን" ተብሎ ከመጣ ያለቀ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። አውቃለሁ አልኩ እንጂ ምን ዐውቄ።

ምስራቅ ሁለት ከረጢት ተሸክማ ስትገባ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ልብስ አጥፍ ነበር። "ምነው፣ ባሕሩን ከአሁኑ ፈራሽው?" አለችኝ። "ራሴን አሞኝ ነው" አልኳት። ራሴን አሞኝ ነው የሚለው ውሸት ሳምንቱን ሙሉ አገለገለኝ።

ጀልባዋ፣ እውነቱን ልናገር፣ ታምር ነበረች። ወለሏ እንጨት ሆኖ እንደ ሳህን የታጠበ ነው። አብሳዩ ጠዋት ማንጎና ፓፓያ ይቆርጥልናል፤ ለምሳ ራሱ ያልተቆረጠ ዓሣ ጠብሶ ያቀርባል። ምስራቅ ቆሏችንንና በፊልም ቆርቆሮ የያዘችውን ሚጥሚጣ አውጥታ ዓሣዋ ላይ ስትነሰንስ ካፒቴኑ "ልሞክር" አለ። ሞከረና ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ በማግስቱ ግን ቆርቆሮዋን ራሱ ጠየቃት። ሚስስ ኤለን ከሳቃቸው ብዛት ሊታፈኑ ደርሰው ጀርባቸውን መታሁላቸው። ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔ የምስራቅን ፊት እያየሁ፣ "ይቺ ልጅ እናት የላትም፤ አታውቅም" እያልኩ አስብ ነበር። ያ ሳቋ ልቤን በላኝ።

እናቷ ውሃ የሚባል ነገር የሚፈሩ ሴት ነበሩ። ላንጋኖ ለሽርሽር ስትሄድ እንኳ እስከ ቁርጭምጭሚት እንዳትገባ ያስምሏት ነበር። ታዲያ ምስራቅ ገና ጀልባዋ ላይ እንደወጣን ያወራችው ስለ አንድ ነገር ነው። "ለእማዬ ነው የምደውለው። 'ባሕር መሃል ነኝ' ልላት ነው። እንዴት እንደምትሰድበኝ አንቺ ብትሰሚ።" ረቡዕ እሳተ ገሞራው ባልነካው በደሴቷ ደህና ጎን ባለች ትንሽ ወደብ እንደምንቆም፣ እዚያም የሕዝብ ስልክ እንዳለ ካፒቴኑን ጠይቃ አረጋግጣለች። ኮሊንግ ካርዷን፣ የስልክ መደወያውን፣ ከኮሎምበስ ገዝታ፣ ካርዱ ከዚያም እንደሚሠራ ባለሱቁን ሁለቴ አስምላ፣ ቦርሳዋ ኪስ ውስጥ ይዛለች።

ረቡዕ ጠዋት ምስራቅ ሚስስ ኤለንን ስታጥብ ቦርሳዋን ከፍቼ ካርዱን ወሰድኩ። የሰው ቦርሳ ከፍቼ አላውቅም። ቁጥሩ ገና አልተፋቀም ነበር፤ ግራጫው ቀለም እንዳለ ነው። መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ከተትኩት፤ ሌላ ቦታ ያጣሁ ይመስል።

ወደቡ ላይ፣ ስልክ ቤቱ በር ላይ ቆማ ቦርሳዋን ሦስት ጊዜ ገለበጠችው። "እዚህ ነበር እኮ ያደረግሁት። አይተሽዋል?"

"ቤት ረስተሽው ይሆናል።"

"አልረሳሁም።" ከዚያ ፊቷ ተፈታ። "በቃ የጀልባዋን ስልክ ሚስስ ኤለንን እጠይቃቸዋለሁ። እምቢ አይሉኝም።"

"ምስሬ፣ አታፍሪም? ቀጥረው እየከፈሉሽ፣ እንደ ልጃቸው ይዘውሽ፣ ደግሞ የውጭ ስልክ ልደውል ትያቸዋለሽ? ነውር ነው።"

ይሉኝታ አንገቷን አስደፋት። እንደሚያስደፋት ዐውቄ ነው ያልኩት። "እውነትሽን ነው፤" አለች። "ቅዳሜ ቤት ስገባ እደውላለሁ።" ሄዳ ከጥቁሩ አሸዋ አንድ እፍኝ በፌስታል ቋጠረች፤ ለእናቷ ልትልክላቸው።

በማግስቱ ሐሙስ ወደ ክፉው ጎን ዞርን። ያኛው በኩል አረንጓዴ፣ ዛፉ እስከ ባሕሩ የወረደ ነበር፤ አንድ ኩርባ እንዳለፍን ግን ሁሉ ነገር ግራጫ ሆነ። ከተራራው ጫፍ ጭስ ይወጣል፤ አየሩ ክብሪት ተጭሮ የጠፋበት ቤት ይሸታል። ከአመዱ ውስጥ የቤት ጣሪያ፣ የመብራት ምሰሶ፣ ግማሹ የተቀበረ የመኪና መስኮት ይታያል። ሰው የለም። ወፍ እንኳ አላየሁም። ካፒቴኑ ሞተሩን ዝግ አደረገው፤ ከዚያ በላይ አይቀርብም።

ሚስስ ኤለን ወንበራቸው ላይ ተንጠራርተው "ሆቴሉ የት ነው? በረንዳው ላይ ስንጨፍር አድረን ነበር" አሉ።

ካፒቴኑ ባርኔጣውን አወለቀ። "እመቤት፣ ሆቴሉ የለም። ተቀብሯል።"

እንዲሁ ነገራቸው፤ ፊት ለፊት። እኔ ደነገጥኩ። ሚስስ ኤለን እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ፤ ምስራቅ ትከሻቸውን አቀፈቻቸው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መሐረብ ጠየቁ፤ ከዚያ "ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ፤ አለበለዚያ እስከ ማታ ስፈልገው እውል ነበር" አሉት። አንዳንዴ ይህ አረፍተ ነገር ጆሮዬ ላይ ሲያቃጭል ሥራዬን አቁሜ እቆማለሁ። ያን ጊዜ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ምስራቅን ጥግ ወስጄ "እናትሽ" ብል፣ እንዲያው አንድ ቃል ብል፣ ሁሉም ነገር ይለወጥ ነበር። ግን ጋሼ ታደሰን እንዴት ልቅደም? ባሕር ላይ እንዴት ታልቅስ? ዋጥኩት።

ሚስስ ኤለን የሰዉ ፊት እንዲፈታ ፈልገው ባርኔጣቸውን አውልቀው ምስራቅ ራስ ላይ ደፉት። "በይ ፎቶ ተነሺ፤ ለእናትሽ ትልኪላታለሽ" አሏት። ካሜራው የኔ ነበር። "እማዬ ተራራውን እንድታየው አድርጊ" አለችኝና ሳቀች። የካፒቴኑ ክፍል ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት ስድስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ተጫንኩት።

ቅዳሜ ማታ ኮሎምበስ ገባን። የቤታችን ስልክ ከግድግዳው ተነቅሎ ነበር፤ እኔው ነኝ ሰኞ ስንወጣ የነቀልኩት፤ ምስራቅ የተበላሸ መስሏት ጥሪውን ለነገ አሳደረችው። እሑድ ገና በማለዳ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ታደሰ፣ ባለቤታቸው፣ ሌሎችም፤ በበረዶ የረጠበ ጫማቸውን ደጃፉ ላይ አውልቀው ተራ በተራ ገቡ። ምስራቅ ቁጥራቸውን አይታ ነገሩ ገባት። ማንም አፉን ሳይከፍት ጮኸች።

ሲያጽናኗት ጋሼ ታደሰ "ሐሙስ ዕለት፣ በአዲስ አበባ ሰዓት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ፣ በሰላም አረፉ" ሲሉ ሰማሁ። ሐሙስ? እጃቸውን ይዤ ወደ ኩሽና ጎተትኳቸው።

"ጋሼ፣ ያን ዕለት ሲደውሉልኝ ሞተው አልነበረም?"

"ኧረ በሕይወት ነበሩ። ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ቤታቸው መልሰዋቸው ነበር።" ግራ ተጋብተው አዩኝ። "ሞቱ ብዬሻለሁ እንዴ?"

"ታዲያ እንዳትደውል ለምን አሉኝ?"

"እንዳትደነግጥ ነዋ። ሳምንቱን ይቆያሉ ብለን ነበር።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ወንድሟ እንደነገረኝ ስልኩ አጠገባቸው ነበር። በጮኸ ቁጥር 'ምስራቅ ናት?' ይሉ ነበር አሉ።"

እኚህን ሰው ክፉ ናቸው ማለት አልችልም። እሳቸውም የለመዱትን አደረጉ፤ እኔም የለመድኩትን አደረግሁ። ካርዱን የሰረቀው ግን የኔ እጅ ነው። የሰዓቱን ልዩነት ያን ቀን በጣቴ ቆጠርኩት፤ ደግሜም ቆጠርኩት። እናቷ ያረፉት ፎቶውን ባነሳሁበት ሰዓት ነው። ከዚያ ወዲህ አራት ቤት ቀይሬአለሁ፣ ካርዱም አብሮኝ ቀይሯል። እንዳልጥለው ያስቸገረኝ ምን እንደሆነ አላውቅም። አንዳንድ ጊዜ ስልክ ሦስቴ ጮኾ ሲቆም፣ አንዲት አይቻቸው የማላውቃቸው ሴት ከአልጋቸው ቀና ሲሉ ይታየኛል።

እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ባለፈው ቅዳሜ፣ ምስራቅ ሳህን ስታጥብ እኔ አጠገቧ ቆሜ አደርቅ ነበር። በሃያ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያልጠየቅኋትን ጠየቅኋት።

"ምስሬ፣ ያን ረቡዕ ደውለሽ ቢሆን ምን ትያቸው ነበር?"

እጇ ሳሙናው ውስጥ ቆመ። "ምን እላታለሁ። ባሕር ላይ ነኝ እላታለሁ፤ እሷም ትሰድበኛለች። ስድቧን ሰምቼ እዘጋ ነበር። በቃ።" ሳህኑን አለቀለቀች። "እኔ እኮ ዝርክርክ ነበርኩ፣ አስቱ። አንዲት ካርድ መያዝ አቅቶኝ። ሊዲያን ሁልጊዜ ዕቃሽን ያዢ እያልኩ የምጨቀጭቃት ለምን ይመስልሻል?"

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ራሷን ስትወቅስ ኖራለች። እኔ ደግሞ እንዳይከፋት ብዬ ዝም እንዳልኩ ለራሴ ስነግረው ኖሬአለሁ። ያን ማታም ሳህኑን አድርቄ፣ ኮቴን ለብሼ፣ ዝም ብዬ ወጣሁ።

ነገ እሑድ ነው። ከመጽሐፍ ቅዱሴ አውጥቼ ካርዱን ኮቴ ኪስ ውስጥ አድርጌዋለሁ። የምሄደው ጎህ ሲቀድ፣ ሊዲያ ሳትነሳ ነው፤ ይህን የሚያህል ነገር በሌላ ሰዓት እንዴት እንደሚነገር አላውቅበትም። ሽማግሌ ይዤ አልሄድም። በዚያ ሰዓት በሯ ላይ ቆሜ ስታየኝ መጀመሪያ የምትለኝ "ማን ሞተ?" ነው። ማንም አልሞተም እላታለሁ፤ እናትሽ ረቡዕ ዕለት በሕይወት ነበሩ፤ ካርድሽን የወሰድኩት እኔ ነኝ።