ገብሱን ማን በላው

ሰው የሚሰደደው በሌሊት ነው ይባላል። እኔ ግን የወጣሁት በቀን ነው። ሌሊትማ ሚሊሻው ነቅቶ ይጠብቃል፤ ጉም በወረደ ቀን ግን እሳት ዳር ተኮራምቶ ይውላል። ያን ቀን በሰሜን ተራራ ላይ ባለችው መንደራችን በጊች ጉሙ ወርዶ የገዛ እጄ አይታየኝም ነበር። ባለቤቴ እናኑ በሶ ቋጥራልኝ እስከ ገብሱ ማሳ ድረስ ሸኘችኝ። «ይሂዱ እንግዲህ» አለችኝ። ሦስት እርምጃ ሄጄ ብዞር የለችም፤ ጉሙ ውጧታል። ድምጧ ብቻ «አይዙሩ! ይሂዱ!» አለኝ። መዞሬን በምን ዐወቀች? እስከ ዛሬ አስበዋለሁ።

ይህን የምጽፈው ለደባርቅና ለዳባት ሰዎች፣ እዚህ ሱዳን ገዳሪፍም አብረውኝ ለሚንከራተቱት ነው። የሰዎቹን ስም ለውጫለሁ። ወረቀቱ አገር የገባ እንደሆነም አንብባችሁ ምድጃ ውስጥ ጨምሩት። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ጠጉሬ ከሸበተ በኋላ። ያስተማረኝ አብዮቱ ስለሆነ፣ ጽሕፈቱ ቢጣመም እሱኑ ውቀሱት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአብዮቱ በዓል እንዳለፈ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ፈንታሁን የመሪውን ሥዕል ተሸክሞ ቤቴ መጣ። በሸራ ላይ የተሳለ ነው፤ ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል።

«አያ አለበል፣ የአዳራሹ ጣራ ያፈሳል። እስኪጠገን አንተ ዘንድ ይቀመጥ። ደግሞ መሬት እንዳይነካ፤ ከፍ ካለ ቦታ ይሰቀላል። መመሪያ ነው።»

የእኔ ቤት ጎጆ ነው፤ ሰው እንኳ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባበት። ከፍ ያለ ቦታ ብዬ ባስብ ባስብ፣ ያለኝ ከፍታ ገብስ የምጠብቅበት ማማ ብቻ ሆነብኝ። ወስጄ እዚያ ሰቀልሁት። በክፋት ከሆነ ምላሴን ይቁረጠው።

ገብሱን የምንጠብቀው ከጭላዳ ነው። ደረቱ ቀይ፣ ጎፈሩ እንደ ሹም ካባ የሚወርድ፣ በመንጋ ከገደል እየወጣ እሸት የሚጨርስ ዝንጀሮ ነው። አገሩ የአውሬ ፓርክ ስለሆነ እንዳንገድለው ዘበኛው ከልክሎናል። ስለዚህ ከንጋት እስከ ምሽት በወንጭፍና በጩኸት እንከላከለዋለን።

በማግስቱ ነፋስ ተነሣና ሸራው ተርገበገበ። በጉሙ መካከል ያ ትልቅ ፊት አንዴ ይወጣል፣ አንዴ ይጠፋል። መንጋው ከገደሉ አፍ ደርሶ ቆመ። አየው። እንደ አንድ ሰው ዞሮም ወደ ገደሉ ወረደ። እውነቱን ልናገርና እኔም ማማው ሥር ሆኜ ፈራሁ።

ጎረቤቴ ጌታሰው እየሳቀ መጣ። «አያ አለበል፣ ነገ ደግሞ ለእኔ ማሳ አውሰኝ።»

ፈንታሁን ሲሰማ ያስረኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ዓይኑ በራ። «አውሬው እንኳ አብዮቱን ፈራ ማለት ነው!» አለና ይህንኑ ለደባርቅ ጻፈ። በሳምንቱ ካድሬ በበቅሎ መጥቶ ማማው ሥር ሰበሰበን። አድኃሪ ጭላዳ የሚል ነገር ያን ቀን ሰማሁ። ገና ያልታጨደው ገብስ አንድ ዘለላ ሳይነካ ገባ ተብሎ ሪፖርት ተጻፈ፤ አጨበጨብን። ከእንግዲህ ጠባቂ አያስፈልግም ተባለና ጠባቂዎቹ ሁሉ ለሚሊሻ ሥልጠና ተወሰዱ። እኔን ሸምግለሃል ብለው ተዉኝ።

ጭላዳ ግን ሞኝ አይደለም። አንድ ቀን አንድ ሸበቶ አውራ ቀረብ ብሎ ተቀመጠ። በማግስቱ ማማው ላይ ወጣ። የሥዕሉን ጫፍ አሸተተ፤ ነከሰ፤ ጨርቅ መሆኑን ሲያውቅ ጀርባውን ለሥዕሉ ሰጥቶ ቅማሉን ይለቅም ጀመር። ከዚያ ወዲያ ያለው እንደ ሕልም ነው የሚታየኝ። ማሳው ሙሉ ጭላዳ ነው፤ ቁጭ ብለው፣ ሳይቸኩሉ፣ በጣታቸው እሸት ይፈለቅቃሉ። ከላያቸው ሥዕሉ ይርገበገባል፤ ጉም ይገባል፣ ይወጣል። ብቻዬን ድንጋይ ብወረውር ማን ከቁም ነገር ይቆጥረኛል! አንዱማ ቀና ብሎ አዘነልኝ መሰለኝ።

ገብሱ አለቀ። የመንግሥት ኮታ ግን በሪፖርቱ ልክ መጣ። ፈንታሁን አዳራሽ አስጠራኝ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ገብሱን ማን በላው?»

«ጭላዳ።»

«ጭላዳ ይፈራል። ተጽፏል።»

«አልፈራማ! አንተም አይተሃል።»

«እኔ ያየሁትን ተወው። የተጻፈው ደባርቅን አልፎ ጎንደር ገብቷል። ጭላዳ በላው ካልህ ሥዕሉን ናቀው ማለትህ ነው። የበላው ሰው ነው መሆን ያለበት። ጌታሰው በሌሊት አጭዶ ወሰደ ብለህ ፈርም፤ ማሳህም ቤትህም ያንተ ነው።»

«ጌታሰው አምስት ልጅ አለው።»

«ለዚህ እኮ ነው! ብዙ አፍ አለው፤ ያሳምናል።»

«ፈንታሁን፣ ሊቀመንበር ሳትሆን በቅሎ ስትነዳ እንኳ እንዲህ አትዋሽም ነበር።»

«ጓድ በል! እስከ ሐሙስ ጊዜ አለህ።»

ሐሙስ ሳይደርስ ጉሙ ወረደ፤ ወጣሁ።

ሊማሊሞን ወርጄ ቆላ ለቆላ ስሄድ፣ በየቀኑ አንድ ነገር ከላዬ ይነሣ ነበር። መጀመሪያ ብርዱ ተነሣ፤ ቀጥሎ የገብሱ ሽታ፤ ቀጥሎ ተራራው። ሱዳን ስገባ ሰማዩ ባዶ ነው፣ እንደ ታጠበ ሰፌድ። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ ሰላምታቸው እንደኛው ረጅም ነው፤ ኬፍ፣ ተማም፣ እንዴት ነህ፣ ደኅና፣ ኬፍ፣ ተማም እያሉ ከብትህን ሁሉ ሊጠይቁህ ይደርሳሉ። ኪስራ የሚሉት እንጀራ አላቸው፤ ስስ ነው፣ ማዶውን ያሳያል፤ በልተኸው አንጀትህ የበላህ አይመስለውም።

ገዳሪፍ የስደተኞች ጽሕፈት ቤት አንድ ፈረንጅ ጠየቀኝ። አስተርጓሚው የጎንደር ከተማ ልጅ ነው።

«አባቴ፣ ለምን ተሰደዱ ይልዎታል።»

«በጭላዳ።»

«እንዴት?»

«ገብሱን የበላው ጭላዳ ነው፤ ሰው ነው ብለህ ፈርም አሉኝ፤ እንቢ አልሁ።»

ልጁ ብዕሩን አስቀመጠ። «አባቴ፣ ዝንጀሮ አሳደደኝ ካሉማ ወደ እንስሳት ሐኪም ነው የሚልክዎት። ፖለቲካ ነው ይበሉ።»

«ፖለቲካ የምትለውን አላውቀውም። ጭላዳውን ነው የማውቅ።»

ፈረንጁ ምን አለ ብሎ ጠየቀው። ልጁ ብዙ ተናገረ፤ እኔ ካልሁት ይረዝማል። ካርድ ተሰጠኝ። ምን እንዳለልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቤት ተከራየሁ። ማለዳ ማለዳ ደጅ ወጥቼ ስቀመጥ አከራዬ ሽማግሌ አየኝ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለኝ።

በተሰባበረ ዐረብኛ «ጉም» ልለው ፈለግሁ፤ ቃሉን አላውቀውም። መሬት ላይ የሚቀመጥ ደመና፣ ሰው የሚገባበት፣ ብዬ በእጄ አሳየሁት። ቆሞ አየኝ፣ አየኝና «ከእንግዲህ ኪራይ ቀድመህ ትከፍላለህ» አለኝ።

እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ጌታሰው ነበር። እኔ አልፈርምም ብዬ ብሄድ፣ ሌላ ፈራሚ አያጡም። አስረውት ይሆን? ገድለውት ይሆን? የእኔ እንቢታ ለእኔ ብቻ ሆኖ ቀርቶ ይሆን? ከአገር የመጣውን ሁሉ እጠይቃለሁ፤ ጊችን የሚያውቅ የለም።

ሁለት ክረምት አለፈ። ከዚያ አንድ የደባርቅ ነጋዴ መልእክቴን አደረሰና፣ እናኑ ደባርቅ ስልክ ቤት በተቀጠረላት ቀን መጣች። እኔም እዚህ ስልክ ቤት ተሰልፌ፣ በላብ ተነክሬ ተራዬ ደረሰ።

«እናኑ!»

«አቤት።»

«ደኅና ነሽ?»

«እግዜር ይመስገን። ጓድ ሊቀመንበርም እዚሁ አጠገቤ ናቸው። ደኅና ነው ወይ ብለውዎታል።»

ገባኝ። «ጌታሰውስ?» አልሁ።

«ደኅና ነው። ታስሮ ነበር። በኋላ እኔ ቀርቤ፣ ገብሱን በልተው የጠፉት እርስዎ መሆንዎን መስክሬ በጣቴ ፈረምሁ። ያኑ ዕለት ፈቱት። ማሳውንም ለእኔ ተዉልኝ።»

አንዲት የሐሰት ቃል አልናገርም ብዬ ነው አገሬን የለቀቅሁ። አሁን ሌባው እኔ ነኝ፤ ይህም ተጽፎ ደባርቅን አልፎ ጎንደር ገብቷል ማለት ነው፤ መመለሻም የለኝ። ጭላዳ ነው በይ እንጂ! ልል አፌን ከፈትሁ። ከወዲያ የፈንታሁን ድምፅ ሲያንሾካሹክ ሰማሁ።

«ጥፋትዎን ይመኑ ይሉዎታል» አለች እናኑ።

«አዎ!» ብዬ ጮኽሁ። «እኔ ነኝ የበላሁት!»

የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም! እስከ መጨረሻዋ ዘለላ!»

ሽው የሚል ነገር ብቻ ይሰማል፤ መስመሩ ይሁን የደባርቅ ነፋስ እንጃ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ባልለየሁት ድምፅ፣

«ጣመዎት?» አለችኝ።

መስመሩ ተቋረጠ። የስልክ ቤቱ ሰው ጨርሰሃል እያለ ትከሻዬን ይነካካኛል፤ እኔ መልሱን እየፈለግሁ እጀታውን ይዤ ቆሜያለሁ።