የእሳት ባሕር የሚሻገረው የእህቴ ልጅ

ይድረስ በመርሳና በወልድያ ለምትገኙ፣ ለሥራ ስትፈልጓቸው ከጌም ቤት የሚገኙ ጎልማሳ ልጆች ላሏችሁ ወገኖቼ። የምጽፈው ዛሬ ያየሁትን ብቻዬን እንዳልሸከመው ነው።

ከወንዙ ማዶ አንድ ጎረቤታችን ዐርፈው ዛሬ ለቅሶ ነበር። የቅሬያችንን፣ የእድራችንን ማለቴ ነው፣ ድንኳን ለቅሶ ቤት የማድረሱ ተራ የእህቴ ልጅ ነው። ሰማዩ ዝናብ አዝሏል፤ ባለቤታቸው ከነልጆቻቸው ሜዳ ላይ ተቀምጠዋል።

እሱን ያገኘሁት ጌም ቤት ነው። ጢም ያበቀለ ሰው፣ ጨዋታውን ከሁሉ ቀድሞ ለመጨረስ ከሰዓት ጋር ይሽቀዳደማል።

«ጋሼ፣ አንዴ ይታገሱኝ፤ እሳቱን ልሻገር!» አለኝ።

ቆሜ ስክሪኑን አየሁ። በሚንቀለቀል የእሳት ባሕር ላይ ወደ ኋላ እየሮጠ ከእግሩ ሥር ድንጋይ ይደረድራል። ከገደል ይወረወርና መሬት ሳይነካ ከያዘው ባልዲ ውሃ ከሥሩ አፍስሶ ይተርፋል።

«የኔታ፣ የእህትዎ ልጅ እኮ አንበሳ ነው!» አለኝ አጠገቡ የተቀመጠ ሥራ ፈት።

እንዲህ ያለ አንበሳ ያላት አገር ጅብ ቢገባባትም አትሰማ!

ጎትቼ አወጣሁት። ድንኳኑን ለሁለት ተሸክመን ከወንዙ ዳር ደረስን። ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። አንበሳው ቆመ።

የእናንተዎቹስ አንበሶች እንዴት ከርመዋል? ከዚህ በታች ጻፉልኝ። የእኔው ውሃውን አየ፣ ጫማውን አየ፣ ከዚያም እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፣ ጫማዬ አዲስ ነው፤ እርስዎ ቀድመው ይግቡና ድንጋይ ይደርድሩልኝ።»