ረሜይና የማያነጥረው ድንጋይ

ከተማችን ጂሮኔላ ውስጥ ረሜይን የማያውቃት የለም። በጨው የደረቀ አሳ ትሸጣለች፣ አርባ ሊሞላት ነው፣ እሁድ እሁድ ደግሞ ኮርቻ የሌለው ሳይክሏ ላይ ቆማ ከነሳይክሏ ድንጋይ ላይ ትዘላለች። እዚህ ስፔን፣ ካታሎኒያ ይሄ ምንም አይገርምም፣ እኔም እጄ እስኪሰበር ድረስ ስዘል ነው የኖርኩት። እግርህ መሬት ከነካ አንድ ነጥብ ይያዝብሃል፣ ከወደቅክ አምስት። ብዙ የተያዘበት ተሸነፈ፣ በቃ።

ዘንድሮ የሳይክል ክለባችን ለአገር አቀፉ ውድድር አንድ ሰው ብቻ ነው የሚልከው፣ ሴት ወንድ ሳይል። ወይ ረሜይ ወይ ጋልዴሪክ። ጋልዴሪክ እንጨት ቆራጭ ነው፣ ክንዱ የኔን ጭን ያክላል። እኩል ነጥብ ይዘው የቀራቸው ወንዝ ዳር ያለው ድንጋይ ብቻ ነበር፣ ሦስት ዙር። ወገቤ ድረስ ይሆናል፣ ግን መንደርደሪያ የለውም፣ በኋለኛው ጎማ ብቻ ቆመህ ከቦታህ ተነስተህ ነው የምትወጣው።

ሁለት ዙር ሁለቱም ወደቁ። እንዴት አትሉም? ክረምቱን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ዕቃ በሚጫንበት የእንጨት ርብራብ ላይ ነበር የተለማመድነው። እንጨት ስትጫነው ይጎብጥና መልሶ ያነጥርሃል። ድንጋይ ምን ያደርግልሃል? ጎማቸው ጫፉን እየመታ ተመለሰ።

በሦስተኛው ጋልዴሪክ ሳይክሉን በክንዱ ጎትቶ፣ አንድ እግር አስነክቶ ወጣ። እላዩ ላይ ቆሞ፣ «እትዬ ረሜይ፣ መሰላል ላምጣልሽ?» አላት።

«አንተ መጀመሪያ ውረድ፣ ቦታዬን ይዘሃል።»

አሁን ምንም ነጥብ ሳይያዝባት መውጣት አለባት። ድንጋዩ ሥር ሄዳ መሬቱን በተረከዟ ደጋግማ ረገጠችው፣ ንቅንቅ አላለም። ከዛ ቁጭ ብላ ከኋላ ጎማዋ ነፋስ ማስወጣት ጀመረች። እኔ ደነገጥኩ። ጎማው ከላላ የድንጋዩ ጫፍ ይበላዋል አልኳት።

«ይብላው» አለች። «ስማኝ፣ ይሄን ሰውነቴን በደረጃ ሁለተኛ ፎቅ ባወጣው አይደክመኝም። እዚህ የሚከብደኝ ሥራው አይደለም፣ ዓይኔን ጨፍኜ እስክገልጥ ድረስ መጨረሱ ነው። እንጨቱ ያግዘኝ ነበር፣ አሁን ጎማው ያግዘኝ።»

በኋለኛው ጎማ ቆመች። ፍሬኑ ሲጢጥ አለ። ጉልበቷን አጥፋ ወደ ታች ሰመጠች፣ ጎማው እንደ ቂጣ ተዘረጋ፣ ጎማው ሊመለስ ሲል እግሯን በአንዴ ዘረጋች። አይታችሁ ቢሆን! መጀመሪያ ሰውነቷ ነው የሄደው፣ ሳይክሉ ገና ታች ነው። ከዛ አየር ላይ ክብደት እንደሌላት ሆና ጉልበቷን ሰብስባ ሳይክሉን ከሥሯ ሳበችው። ቸርኬው ድንጋዩን ቀጭ አደረገው። ጎማው ግን አልፈነዳም። ፍሬኑን ያዘች፣ ወዲያ ወዲህ ተወዛወዘች፣ ቆመች።

ዳኛው የተጨበጠ እጁን አነሳ። ዜሮ ማለት ነው።

ጋልዴሪክ መጣና ጎማዋን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ፣ «ይሄ እኮ የሞተ ጎማ ነው» አለ። ወዲያው የራሱንም ማስተንፈስ ጀመረ፣ ምንም ላይረባው።

አገር አቀፉ በሚቀጥለው ወር ነው። የአሳ ሱቋን ማን እንደሚጠብቅላት እስካሁን አላሰበችበትም።