ሌባ የሸኘው ውሻ

ነቀምቴ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ሰፈር ካለፈው ሐምሌ ጀምሮ ለሁለት ተከፍሏል። በፖለቲካ አይደለም፣ በሃይማኖትም አይደለም፤ በአንድ ቡናማ ውሻ ነው። ግማሹ፣ ውሻ ማንም ሳያስተምረው ባለቤቱን ይጠብቃል ይላል። ግማሹ ደግሞ ያልተማረ ውሻ ሆድና ጅራት ብቻ ነው ይላል። የውሻው ባለቤት ወይዘሮ ሐረግወይን ግን ነገሩን እንደ ወሬ ሊያዩት አልቻሉም። ውሻው የማይጠብቃቸው ከሆነ ቤታቸውን ለቀው መሄዳቸው ነው።

ወይዘሮ ሐረግወይን ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ልብስ ሰፊ ናቸው። በልጅነታቸው ከወላጆቻቸው ጋር ከወሎ ወደ ጊዳ አያና በሰፈራ መጡ፤ እርሻው አልሆንላቸው ሲል ነቀምቴ ገብተው ስፌት ተማሩ፤ አናጢውን ባቻን አገቡ። ባቻ ቤቱን በገዛ እጁ ሠራላቸው፤ ኦሮምኛ ላስተምርሽ ሲላቸው ግን፣ አንተ አማርኛ ትችል የለም ወይ፣ ለአንድ ቤት ስንት ቋንቋ ያስፈልጋል ብለው ነገሩን ዘጉት። ባቻ ካረፈ ስምንት ዓመት ሆነው። ኦሮምኛቸው ዛሬም ከሰላምታ፣ ከገበያና ከሱሪ ልክ አያልፍም።

ሌላው ነገራቸው ስም አለመያዛቸው ነው። ሰውን ሁሉ በሥራው ነው የሚጠሩት፦ መምህር፣ ባለሱቅ፣ ባጃጅ፣ ሊስትሮ። የሰፈሩን ወንድ ሁሉ ወገብ በሴንቲ ሜትር ያውቁታል፤ የማን ወገብ እንደሆነ ሲጠየቁ ግን ይጨነቃሉ። ሚስቶች ይህን በቅንነት ለመረዳት ጊዜ ወስዶባቸዋል።

ውሻውን ከሦስት ዓመት በፊት የሰጧቸው የዲጋው ገበሬ ኦቦ ጆቴ ናቸው። ከብቶቻቸውን ሸጠው ሲጨርሱ ውሻው ሥራ ፈታባቸው። ወይዘሮ ሐረግወይን ስሙን ዋርዲያ አሉት፤ በስሙ ያፍራል ብለው ሳይሆን አይቀርም። አላፈረም። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አንድ ሰው ዘው ብሎ ግቢ ገባና ገመድ ላይ የተሰጡ አምስት የተማሪ ዩኒፎርሞች ሰበሰበ። ዋርዲያ ተነሳ፤ የሰውየውን እጅ አሸተተ፤ እስከ በሩ ሸኘው፤ ሰውየው ማዕዘኑን እስኪታጠፍ ቆሞ አየውና ተመልሶ ተኛ። ከፊት ለፊት ሱቅ ያለው ቂርቆስ ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቷል። ለምን ዝም አልክ ሲሉት፣ ውሻው እንደዚያ ሲያከብረው ዘመድ መስሎኝ ነው አለ።

ወሬው በዚያው ቀን አዳማ ደረሰ። እዚያ ፋርማሲስት ሆና የምትሠራው ልጃቸው ሃሌሉያ ማታውኑ ደወለች። ጥቅምት ላይ ፈቃድ ወስዳ እንደምትመጣ፣ ቤቱ ቀለም ተቀብቶ እንደሚከራይ፣ እናቷም ከእሷ ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ እንደሚኖሩ ነገረቻቸው። ወይዘሮ ሐረግወይን የስፌት መኪናቸውን፣ ደንበኞቻቸውን፣ ባቻ የሠራውን ቤት ሁሉ ቆጠሩላት። መጨረሻ ላይ ብቻዬን አይደለሁም፣ ዋርዲያ አለ አሉ።

«እማ፣ ሌባ ከሚሸኝ ውሻ ጋር መኖር ብቻን ከመኖር ይብሳል» አለች ሃሌሉያ።

ብዙ ተከራከሩና በአንድ ነገር ተስማሙ። ጥቅምት ላይ መጥታ እስክትመለስ ድረስ ውሻው አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ እናቷን ከሰው ሲከላከል ከታየ ስለ አዳማ ዳግመኛ አታነሳም።

ሰፈሩ ሥራ አገኘ። ጎረቤታቸው ሞሲሳ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነው፤ የተፈጥሮን ወገን መራ። እንደ እሱ አባባል ውሻው ሌባውን ያልነካው ሌባው ባለቤቱን ስላልነካ ነው፤ ልብስ የውሻ ጉዳይ አይደለም፤ እሳቸው ሲነኩ ግን ጉድ ይታያል። የትምህርቱን ወገን የመራው ቂርቆስ ነው። እሱ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ ውሻው እዚህ ቤት ሲቀጠር ሥራው ምን እንደሆነ የነገረው ሰው አለ ወይ?

ለመፈተን አንድ ቅዳሜ ተቀጠረ። ዋርዲያ የማያውቀው የባጃጅ ሹፌር ብርድ ልብስ ተከናንቦ ገባና የወይዘሮ ሐረግወይንን ክንድ ያዘ። እሳቸውም በተነገራቸው መሠረት ጮኹ፤ መሃል ላይ ግን ሳቃቸው መጣ። ዋርዲያ የእሳቸውን ፊት አየ፤ የብርድ ልብሱን ሰው አየ፤ ወጥቶ ባጃጁ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ሞሲሳ፣ ውሻው ጨዋታ መሆኑን አውቆ ነው፣ ፍርሃት ቢሸተው ኖሮ ሌላ ነበር ብሎ አብራራ። ቂርቆስም የወደቀ ተማሪ ሁሉ ጥያቄው ልክ አልነበረም እንደሚል መምህሩን አስታወሰው።

ጥቅምት ደረሰ። ሃሌሉያ ማክሰኞ ገባች፤ ረቡዕ ጠዋት ከጉቶ ጊዳ ኢዶሳ የሚባል ቀለም ቀቢ ይዛ መጣች። ኢዶሳ ዝምተኛ ነው፤ መሰላሉ ላይ ወጥቶ የፊቱን ግድግዳ ክሬም ቀለም መቀባት ጀመረ። ወይዘሮ ሐረግወይን አንድም ዕቃ አልጠቀለሉም። የስፌት መኪናቸው ላይ ተቀምጠው፣ ማንም ያላዘዛቸውን የትራስ ልብስ ይሰፉ ነበር። ዋርዲያ መሰላሉ ሥር ተኝቷል።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ምሳ ይዘው ወደ ግቢው ወጡ። ኢዶሳ አሮጌ ቀለም የሚፍቅበትን ብረት በአንድ እጁ፣ ጣሳውን በሌላው ይዞ ከመሰላሉ እየወረደ ነበር። ጠዋት ስሙን ነግሯቸዋል፤ እሳቸው ዘንድ ግን ስም አያድርም። በሥራው ጠሩት።

«ቀቢ፣ ና ምሳ ብላ» አሉት።

ዋርዲያ ከተኛበት ተነሳና የኢዶሳን ሱሪ ከጉልበት በታች ግጥም አድርጎ ያዘ። አልነከሰም፤ አራት እግሩን ተክሎ ያዘ እንጂ። ከጣሳው ግማሹ ዋርዲያ ጀርባ ላይ ፈሰሰ፤ ዋርዲያ ቅንድቡን እንኳ አላነቃነቀም። ወይዘሮ ሐረግወይን ደነገጡ። ተው አሉት፣ አልሰማም። ቀቢ እንዳትንቀሳቀስ አሉ፣ ውሻው አጠበቀ። ይቅር በለኝ ቀቢ፣ ክፉ አይደለም ቀቢ አሉ፣ ይባስ አጠበቀ። ኢዶሳ ውሻውን ትቶ የሚያየው እሳቸውን ነበር።

«አዴ፣ ምን አጠፋሁ?» አላቸው።

«እኔ ምን አልኩህ?»

«ያዘው፣ ያዘው እያሉት አይደል እንዴ?»

ከዚያ ኢዶሳ ጎንበስ ብሎ በቀስታ፣ ዺሲ አለ። ዋርዲያ ወዲያው ለቀቀና ጅራቱን ቆላ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሥርዓት ባለው ቋንቋ የሚያናግረው ሰው ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ነበር።

ነገሩ ቀላል ነበር። በኦሮምኛ ቀቢ ማለት ያዝ ማለት ነው፤ ዺሲ ማለት ደግሞ ተው፣ ልቀቅ። ወይዘሮ ሐረግወይን ቀቢ የሚለውን ቃል ሳያውቁት ቀርተው አይደለም፤ ገበያ ላይ ዘንቢል ሲያስይዙ ስንት ጊዜ ብለውታል። ግን የገበያውን ቀቢና የግድግዳውን ቀቢ በሁለት ኪስ ይዘው ነው የኖሩት፤ አንድ ቀን አብረው አውጥተዋቸው አያውቁም።

ሃሌሉያ በመስኮት ታይ ነበር። ከዚያ የሚታየው፣ ብረት የያዘ እንግዳ ሰው ወደ እናቷ ሲራመድ ውሻው ዘሎ ሲይዘው ነው። ቂርቆስ ሱቅ በራፍ ላይ የነበሩትም ያዩት ይህንኑ ነው። ማታ ብረቱ ቢላ ሆኗል፤ በማግስቱ ጠዋት ሰዎቹ ሦስት ሆነዋል። ሞሲሳ ለተፈጥሮ ክብር ለሰፈሩ ለስላሳ ጋበዘ። ያላመነው ቂርቆስ ብቻ ነው። ጆሮው መንገዱን ተሻግሮ ስለሚሰማ ቀቢ የምትለዋን ቃል ሰምቷታል፤ ቅዳሜ ገበያ ኦቦ ጆቴ ሲመጡ እንጠይቃቸው አለ።

እስከ ቅዳሜ ወይዘሮ ሐረግወይን የኢዶሳን ሱሪ ሲጠግኑ ሰነበቱ። በሩብ ሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው፤ እሳቸው ሦስት ቀን ፈጀባቸው። ስለ ቀቢ ነገር ለልጃቸው አልነገሩም። ልጃቸውም ስለ አዳማ አላነሳችም።

ቅዳሜ ኦቦ ጆቴ ቂርቆስ ሱቅ በራፍ ላይ ተቀመጡ፤ ሰዉ ከበባቸው። ቂርቆስ ውሻውን ማን እንዳስተማረው ጠየቀ። ሽማግሌው ቅር አላቸው። ውሻ ይማራል እንዴ፣ ትምህርት ቤት ይሄዳል እንዴ፣ በተፈጥሮው ነው አሉ። ሞሲሳ የለስላሳ ጠርሙሱን ከፍ አደረገ።

«ማንም አላስተማረውም» አሉ ኦቦ ጆቴ። «ጥጃ ሲያመልጥ ቀቢ እንለዋለን፣ ይይዛል። ዺሲ እንለዋለን፣ ይለቃል። ካላልነው ምን አስነሳው? ይተኛል።»

ጠርሙሱ አየር ላይ ቀረ። ቀጥሎ ሁለቱም ወገኖች አሸነፍን ብለው ክርክሩን ከሥሩ ጀመሩት፤ ዛሬም አልጨረሱም። ወይዘሮ ሐረግወይን ግን ልጃቸውን ነው ያዩት።

«ሰማሽ?» አሏት።

«እኔ የሰማሁት ረቡዕ ነው፤ መስኮቱ ክፍት ነበር። የባቻ ልጅ ሆኜ ቀቢ ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እስክትነግሪኝ ስጠብቅ ነበር። አንቺ ደግሞ ሱሪ ትሰፊያለሽ።»

ወይዘሮ ሐረግወይን ዕቃ መጠቅለል ልጀምር ወይ ብለው ጠየቁ። ሃሌሉያ፣ ውሻው በራሱ እንደማይጠብቃቸው አሁን በምስክር ተረጋግጧል አለች፤ አዳማ ቢመጡም ግን እሷ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ናት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ቢጣሩ የሚሰማቸው የለም።

«እዚህ ስትጠሪ ቢያንስ የሚነሳ አለ» አለች። «ግን ማስያዙን እንጂ ማስለቀቁን አልቻልሽም። ያን ሳትማሪ ጥዬሽ አልሄድም።»

እንዲህ ሆኖ ሥልጠናው ተጀመረ፤ ሠልጣኟ ወይዘሮ ሐረግወይን ነበሩ። ዸ የምትባለው ድምፅ ለወሎ ምላስ አትመችም። ዲሲ አሉ፤ ዋርዲያ ጠበቀ። ጢሲ አሉ፤ ዋርዲያ በሐዘኔታ አያቸው። ለልምምድ የተያዘው የሞሲሳ ሱሪ ነበር፤ መምህሩ ለሳይንስ ብሎ ሁለት ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ተይዞ ዋለ። የጉራጌው ቂርቆስ፣ እኔ ይህቺን ድምፅ በመጀመሪያ ዓመት ንግዴ ነው የቻልኳት እያለ ከበራፉ ያርማቸዋል። ማክሰኞ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ቃሏ ወጣች፤ የሞሲሳ እግር ተለቀቀ። ሃሌሉያ በማግስቱ ወደ አዳማ ተመለሰች፤ የያዘችው ስትመጣ የነበራትን አንድ ቦርሳ ብቻ ነው።

ግድግዳውን ኢዶሳ መጥቶ ጨረሰው፤ ለተከራይ ሳይሆን ለባለቤቲቱ። ከመጀመሩ በፊት ግን በስሙ ካልተጠራ መሰላል ላይ እንደማይወጣ አስታወቀ። ኢዶሳ፣ ወገብ ሰማንያ ሁለት፦ ወይዘሮ ሐረግወይን በሰፈሩ ከወገቡ ጋር ስሙንም የሚያውቁት ብቸኛ ወንድ እሱ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ የማያውቁት ሰው በሩን ከፍቶ ገባ። ጀርባው ላይ እስካሁን ክሬም ቀለም ያለው ዋርዲያ ተነሳ፣ የሰውየውን እጅ አሸተተ፣ ጅራቱን ቆላ። ወይዘሮ ሐረግወይን ከስፌታቸው ቀና ሳይሉ አንዲት ቃል አሉ። ሰውየው የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ነው። ዺሲ እስኪወጣላቸው ሁለት ጊዜ መሞከር ነበረባቸው፤ እሱም እንደተያዘ ቆሞ ቆጣሪውን አነበበ።