ሰልፍ ላይ ወድቄ አየር ላይ ነቃሁ

ባለፈው እሁድ ዓይኔን ስገልጥ... ጭሮ ከታች ናት። የቤቱ ቆርቆሮ፣ የቆሙት ባጃጆች፣ ወደ ላይ ያንጋጠጠው ሕዝብ ሁሉ ከታች ነው። ጭንቅላቴ የሰው ጭን ላይ ነው። የማን ጭን ቢሆን ጥሩ ነው? የወደፊት አማቴ፣ የእትዬ ዘይነባ! በሕይወቴ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም።

እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የሚጥል በሽታ አለብኝ። ከአሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ። መድኃኒቴን ከዋጥኩ ዓመት ሙሉ ደህና ነኝ። ከረሳሁና ፀሐይ ላይ ብዙ ከቆምኩ ግን አለቀልኝ። ይህን ከእናቴ በቀር የሚያውቅ የለም... ማለቴ፣ የለም ብዬ ነበር። ጭሮ ውስጥ ጫማ ሱቅ ያለው ሰው ምን ሚስጥር አለው? ስለዚህ ኪኒኔን በየወሩ ሌላ ከተማ፣ ሂርና ድረስ ሄጄ ነው የምገዛው።

ከሰሚራ ጋር ኒካሃችን ሊታሰር አንድ ወር ነው የቀረው። ለእሷም አልነገርኳትም። ፈራኋ! «ጂን አለበት» ተብሎ ሽማግሌው የተመለሰበት ልጅ አውቃለሁ።

እና ለአረፋ በዓል ከሌላ ከተማ የመጣ መጫወቻ የከተማችን ሜዳ ላይ ተተክሏል። ሕዝቡ «ጎማው» ነው የሚለው። ዙሪያውን ጥላ ያላቸው ወንበሮች የተንጠለጠሉበት፣ በመብራት ኃይል የሚሽከረከር ትልቅ ብረት ነው። ሰሚራ ካልወጣሁ አለች። ኒካህ ሳይታሰር ብቻችንን አይሆንምና እናቷም አብረውን መጡ። ሰልፉ አስፋልቱ ጋ ደርሷል።

በሩ ላይ አንዱ በድምፅ ማጉያ ይጮኻል፤ «የታመመ፣ ነፍሰ ጡር፣ አካል ጉዳተኛ በዚህ በኩል ይግባ! አይሰለፍ!»

ሰማሁት። እግሬ ግን አልንቀሳቀስ አለ። «ምንህን ነው የሚያምህ?» ብሎ ቢጠይቀኝስ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት? በአማቴ ፊት?

እትዬ ዘይነባ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «ጀማል፣ ጉልበቴን እያመመኝ ነው። በዚያ በኩል እንግባ፣ አንተ ደግፈኝ።»

«እርስዎ ከሰሚራ ጋር ይግቡ እትዬ፣ እኔ ወጣት ነኝ፣ እሰለፋለሁ» አልኩ። ወንድነቴ መጣብኛ! እሳቸውም አልሄዱም። ጃንጥላቸውን ወደ እኔ ዘንበል አደረጉት።

ጥቂት ሰው ሲቀረን መብራት ሄደ። ላይ የነበሩትን ሰዎች ጎማውን በእጅ እየገፉ አወረዷቸው። የማሽኑ ሰውዬ «እስኪመጣ» ብሎ ምሳ ሄደ። እኛ ፀሐይ ላይ ቀረን... አንድ ሰዓት ሙሉ። ጠዋት በጥድፊያ ኪኒኔን እንዳልዋጥኩ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። አፌ ውስጥ ብረት ብረት የሚል ጣዕም መጣ። ከዚያ ወዲያ የማውቀው የለም።

ቀጥሎ ያለውን በኋላ ሰዎች የነገሩኝ ነው። ሰልፈኛው ተሯሩጦ አነሳኝ። ሜዳው ላይ ጥላ ያለው ነገር የጎማው ወንበር ብቻ ስለሆነ እዚያ አስተኙኝ። እትዬ ዘይነባ ራሴን ታቅፈው ተቀመጡ። አንዱ ሊያሸትተኝ ክብሪት ፍለጋ ሲሮጥ... መብራት መጣ። ለካ ማብሪያውን ማንም አላጠፋውም! ጎማው በራሱ ጊዜ ተነሳ።

ከታች ጩኸት ነው። «ዻቢ! ዻቢ! ኧረ አቁሙት!»

ዓይኔን የገለጥኩት እንግዲህ ያኔ ነው።

«እንዳትነሳ» አሉኝ እትዬ ዘይነባ። በአንድ እጃቸው ብረቱን፣ በሌላው እኔን ጨምድደው ይዘዋል። ከንፈራቸው ዱዓ ያደርጋል።

«እትዬ... እኔ...»

«ዝም በል፣ አውቃለሁ። ሂርና ፋርማሲው ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጠው የአክስቴ ልጅ ናት። ኪኒንህን እሷ ጋ በሻይ እየዋጥክ፣ ካርቶኑን እሷ ጋ እየጣልክ ማንን ነው የምትደብቀው? ሽማግሌ የላክህ ሳምንት አጣርተናል። ልጅ እንዲሁ ይሰጣል እንዴ?»

ለካ ያ የጉልበት ሕመም የእኔ ኖሯል!

«ታዲያ... እያወቁ ሰጡኝ?»

«በሽታው ከአላህ ነው። መደበቁ ግን ከአንተ ነው። ዛሬ ይነግራታል፣ ነገ ይነግራታል ብዬ ጠበቅኩ። ሰሚራ አታውቅም። ወላሂ፣ ዛሬ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ።»

ይህን ሲሉኝ ለሁለተኛ ጊዜ ጫፉ ላይ ደርሰናል። ልሽሽ ብል የት ልውረድ?

አንዱ የመብራቱን ገመድ ነቅሎት ጎማው ቆመ፤ በእጅ እየገፉ አወረዱን። ሰሚራ እያለቀሰች ሮጣ መጣች። እዚያው ነገርኳት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። በሽታውንም፣ ሂርናንም፣ እናቷ ማወቃቸውንም። ለቅሶዋን አቆመች። እናቷን አየች። እኔን አየች።

«ሻይ ሻጯ አወቀች። እናቴ አወቀች። እኔን ከሁሉ ኋላ አሰለፍከኝ?»

ባጃጅ አስቁማ ሄደች። ሦስት ቀን ሙሉ ስልኬን አላነሳችም። በቃ አለቀ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

ዛሬ ጠዋት አንድ ደንበኛ ጫማ ሳስለካ ስልኬ ጠራ። እሷ ናት። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ...

«ኪኒንህን ዋጥክ?»

«ውጫለሁ! የሚጥል በሽታዬን ኪኒን ውጫለሁ!» ብዬ ሱቁን በጩኸት አናጋሁት።

አንድ እግሩን ጫማው ውስጥ የከተተው ደንበኛዬ ክው ብሎ ቀረ። ይደንግጥ... እኔ ሰንብቼበታለሁ፣ አሁን የእሱ ተራ ነው።