የአያታቸው ምላጭ

አባቴ ሲሞት እናቴ እስከ ሙት ዓመቱ ፀጉሬን እንዳልነካ ነገረችኝ። «የዓመቱ ዋዜማ በራሱ ምላጭ ትላጫለህ» አለች። ደብረ ወርቅ አጠገብ ባለው መንደራችን የበዓል ዋዜማ ሲደርስ የካህናቱንም የጎረቤቱንም ራስ የሚላጨው አባቴ ነበር። ምላጩ የሚታጠፍ፣ እጀታው ከቀንድ የተሠራ፣ በቀበቶ ላይ እየታሸ የሚሳል አሮጌ ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲ ስመደብ እናቴ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። እዚህ ከቀረ አንዱ ተውሶት ይጠፋል ብላ ፈርታ ነው።

ደብረ ማርቆስ የደረስኩ ቀን የዩኒቨርሲቲው በር ላይ የሚፈትሸው ጥበቃ ጨርቁን ፈታው።

«ስለት ያለው ነገር አይገባም።»

«የአባቴ ነው» አልኩት።

«የአባትህም ቢሆን ይቆርጣል። አስቀምጠህ ና።»

ከኋላዬ ሻንጣ የተሸከሙ ተማሪዎች ተሰልፈው ነበር። ሰው ማስቆም ስለማልወድ ጥበቃውንም ተማሪዎቹንም ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ። ከመንገዱ ማዶ አንድ የወንዶች ፀጉር ቤት አየሁና ገባሁ።

ባለቤቱ አርባ ዓመት ያለፋቸው ሳቂታ ሰው ነበሩ። ምላጩን ዘርግተው በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። «እንዲህ ያለ ብረት ድሮ ቀረ!» አሉ። «አስቀምጠው። እኔ ጋ ምን ይሆናል?» ከዚያ ፀጉሬን አይተው «አንተም ራስህን እዚህ ብታስቀምጠው ጥሩ ነበር» ሲሉ ወንበር ላይ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔም ደስ እንዲላቸው አብሬ ሳቅሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ምሁሩ» እያሉ ይጠሩኝ ጀመር።

በሁለተኛው ወር ምላጩን ላሸው ብዬ ቀበቶዬን ይዤ ሄድኩ። አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ዝጎ፣ ተበላሽቶ ጣልኩት። የበሽታ መዓት ነው እሱ! ይልቅ እንካ።» አንድ ጥቁር የፕላስቲክ ምላጭ ሰጡኝ፤ ስለቱ ለየሰዉ የሚቀየር፣ አሁን ፀጉር ቤቱ ሁሉ የሚሠራበት ዓይነት። «አዲስ ነው። አንድ ስለት ለአንድ ሰው። አንተ የተማርክ ነህ፣ ይኼ ይገባሃል።»

አፌ ውስጥ የነበረው ሌላ ነገር ነው። የወጣው ግን «እሺ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» የሚል ነበር።

እውነቱን ለመናገር አዲሱ ይሻላል። ጉንጬን ሞክሬበታለሁ፤ ያለ ሕመም ይላጫል፣ ማሸት አይፈልግም፣ የአንዱን ደም ለሌላው አያስተላልፍም። ከአሮጌውና ከአዲሱ የቱ ይሻላል ብሎ ማንም ቢጠይቀኝ ያለ ማመንታት አዲሱ እላለሁ። እናቴ ግን የትኛው ይሻላል ብላ አልጠየቀችኝም። በየትኛው እንደምላጭ ነው የነገረችኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በፀጉር ቤቱ በር ሳልፍ ከመስታወቱ በላይ ምስማር ላይ አንድ ምላጭ ተንጠልጥሎ አየሁ። ገባሁ። ቀንዱ ቅባት ጠጥቶ ያብረቀርቃል። አንድ ደንበኛ ወደ ላይ አይቶ «ይኼ ደግሞ ከየት መጣ?» አላቸው።

«የአያቴ ነው» አሉ፣ ሳያፍሩ። «በዚህ ስንቱን ትልቅ ሰው ላጭቷል! እኔም ሥራውን የተማርኩት በዚሁ ነው።» ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ይደነግጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ፈገግ አሉ። «የድሮ ዕቃ ደስ ይላል፣ አይደል ምሁሩ?»

«አዎ ጋሼ» አልኩ።

እሷን «አዎ» እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። በመኝታ ክፍላችን የተታለለ ሰው «ተላጨ» ይባላል። ያን ዕለት ፀጉሬ እንደጎፈረ፣ ተላጭቼ ተመለስኩ። ትምህርት ላይ ተቀምጬ የማስበው እሳቸውን ነበር። ሌሎች ለፈተና ሲያጠኑ እኔ ለእሳቸው የምናገረውን አጠና ነበር። ምላጩን ብቻ ብፈልግ ለጥበቃው ነግሬ፣ ሽማግሌ ልኬ ላስመልሰው እችል ይሆናል። የፈለግሁት ግን እኔ በሰው ፊት «አዎ» እንዳልኩ እሳቸውም በሰው ፊት አፋቸው እንዲያዝ ነው።

አንድ የማያውቁት ነገር ነበር። ትንሽ ልጅ ሳለሁ በዚያ ምላጭ ሸንበቆ ልቀርጽ ብዬ ጫፉ አጠገብ ሸርፌዋለሁ። ሽርፉ የስንዴ ፍሬ አያህልም፣ ካልተጠቆመ አይታይም። አባቴ አልገረፈኝም። «እንግዲህ ይኼን የምናውቀው እኔና አንተ ነን» ብቻ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲላጭ ጫፉን ከቆዳው ከፍ አድርጎ በታችኛው ስለት ብቻ ይሠራ ነበር። አንድም ሰው አልቆረጠም።

የሙት ዓመቱ እሑድ ሊሆን፣ በዋዜማው ቅዳሜ ጠዋት አልኮልና ጥጥ ገዝቼ ወደ ፀጉር ቤቱ ሄድኩ። ቅዳሜን የመረጥኩት ቤቱ ስለሚሞላ ነው። ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ቅኔ ቤት ያረጁ መሆናቸው ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። ሁለት የባጃጅ ሾፌሮችም ነበሩ። ተራዬ ሲደርስ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

«ምሁሩ! በመጨረሻ ጫካውን ልትመነጥር?»

«አዎ ጋሼ። የአባቴ ሙት ዓመት ነው። በአያትዎ ምላጭ እንዲላጩኝ ነው የመጣሁት።»

ባለቤቱ ፎጣውን አራገፉ። «እሱማ ለጌጥ ነው» አሉ።

«አልኮል ይዣለሁ፤ እጠርገዋለሁ። ሥራውን የተማሩት በእሱ ነው ብለው የለ?»

አንደኛው ሾፌር «እስኪ የአያትዎን እጅ እንይ ጋሼ!» አለ። ሽማግሌውም «ልጁ ለአባቱ ብሎ ነው የለመነህ፤ እምቢ አትበለው» አሏቸው። ምላጩን ከምስማሩ አወረዱ። ተቀብዬ በጥጥ ጠረግሁት፣ በቀበቶዬ አሸሁት። ሽርፉን በጣቴ አገኘሁት። እዚያው ነበር። መልሼ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

በቶንዶስ ፀጉሬን አሳጠሩት፣ ሳሙና ቀቡኝ፣ ከቀኝ በኩል ጀመሩ። እጃቸው ጥሩ ነው፤ ይህን አልክድም። ግማሹን እስኪጨርሱ ምንም አልሆነም፣ ምናልባት አይቆርጠኝም ብዬ ፈራሁ። ከጆሮዬ በላይ ሲደርሱ ጫፉ ያዘኝ። ሙቀት ተሰማኝ፣ ከዚያ ደሙ በሳሙናው መካከል ወደ አንገቴ ወረደ። ሕመሙ ደስ አለኝ።

«ውይ! ተንቀሳቀስክ እኮ!» አሉ።

«አልተንቀሳቀስኩም ጋሼ። ጫፉ አጠገብ ሽርፍ አለው። አባቴ እዚያ ጋ ከፍ አድርጎ ነበር የሚላጨው። አያትዎ አላሳዩዎትም?»

ሽማግሌው ተነሥተው ምላጩን ተቀበሉና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። በጥፍራቸው ስለቱን ተከትለው ሄዱ። ጥፍራቸው ቆመ።

«አለ» አሉ። «አንተ ልጅ፣ በምን አወቅህ?»

«የሸረፍኩት እኔ ነኝ አባባ። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ጥበቃው አይገባም ስላለኝ ለጋሼ በአደራ ሰጠኋቸው። እኔን ከላጩኝ እኮ ቆይተዋል፤ የዛሬው ሁለተኛቸው ነው።»

የሽማግሌው ትከሻ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። «ወይ ልጄ! ሰሙ ለእኛ፣ ወርቁ ለእሱ!» ብለው ሳቁ። ሾፌሮቹም ገብቷቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። አንዱ «ጋሼ፣ አያትዎ ይኼ ልጅ ናቸው እንዴ?» አለ።

ባለቤቱ ፎጣውን ይዘው ቆመው ነበር። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልወጣም። ያን ያህል ወር የጠበቅኩት ይህንን ነበር፤ ቶሎ እንዳያልቅብኝ በመስታወቱ ውስጥ ደጋግሜ አየኋቸው።

ሽማግሌው ምላጩን አጥፈው ሰጡኝ። እኔም ያንን ጥቁር የፕላስቲክ ምላጭ ከኪሴ አውጥቼ በባዶው ምስማር ላይ አንጠለጠልኩት።

«ይኼን ያቆዩት ጋሼ» አልኳቸው። «የልጅ ልጆችዎ የአያታችን ነው ሲሉ ያኔ እውነት ይሆናል።»

ግማሽ ራሴ ተላጭቶ፣ ጥጥ በቁስሉ ላይ ይዤ በሚኒባስ ደብረ ወርቅ ገባሁ። ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር፣ አላፈርኩም። እናቴ ደሙን አይታ ጮኸች። «ማነው እንዲህ ያደረገህ?»

«ተይው፣ ከፍሏል» አልኳት። ምላጩን ሰጥቻት ፊቷ ተቀመጥኩ። «እማዬ፣ ጫፉን ከፍ አድርጊ። እዚህ ጋ ሽርፍ አለ።» እጇ ቆመ። ዓመታት ሙሉ በአንድ ቤት ስትኖር አታውቅም ነበር። ከዚያ ከፍ አድርጋ የቀረውን ግማሽ ላጨችኝ፣ አንድም ቦታ ሳትቆርጠኝ።

ምላጩ አሁን እሷ ሳጥን ውስጥ ነው። እኔ በየሳምንቱ በአዲሱ ዓይነት እላጫለሁ፣ ከገበያ ገዝቼ። ከጆሮዬ በላይ ፀጉር የማይበቅልባት ቀጭን መስመር ቀርታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ ፀጉር ቤት በር ሳልፍ ኮፍያዬን አወልቃለሁ፣ ጎንበስ እላለሁ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «እንዴት ዋሉ ጋሼ?» እላቸዋለሁ። ቀና ብለው አያውቁም። አንድም ቅዳሜ አላስታጎልኩም።