የፋጤ ማንኪያ

ካላክላ ሰፈር ውስጥ ልጁ ያተኮሰበት ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ፋጤ ዘንድ ነው። ከወሎ ወጥታ ካርቱም ከገባች ሃያ ዓመቷ ነው፤ አሥራ አራቱን የአንድ የሕፃናት ሐኪም ቤት ሠርታለች። ወለል እየወለወለች ስንቱን ለቃቅማለች መሰላችሁ! ኩፍኝ ሽፍታው ሳይወጣ አፍ ውስጥ እንደሚታወቅ፣ ጉንጭ ላይ በውስጥ በኩል የጨው ፍንጣቂ የመሰለ ነጭ ነገር እንደሚታይ ያሳያት ሐኪሙ ራሱ ነው። ጦርነቱ መጥቶ እሱ ሲሰደድ፣ የሰፈሩ ክሊኒክ ሲዘጋ፣ የቀረችው እሷ ብቻ ሆነች። ይሉኝታ ደግሞ አልፈጠረባትም፤ ኩፍኝ ከሆነ ኩፍኝ ነው ብላ ፊት ለፊት ትናገራለች።

ያን ሰሞን ሀቡብ የሚሉት የአሸዋ አውሎ ነፋስ ሦስት ቀን ሙሉ አሸዋውን ሲያራግፍብን ያልሳለ፣ ዓይኑ ያልቀላ ሰው አልነበረም። ጎረቤቷ ሁስና የሁለት ዓመት ልጇን ሰልሰቢልን አቅፋ መጣች። ልጅቱ ትኩሳት አላት፣ ትስላለች፣ ዓይኗ ደም መስሏል።

«እትዬ ፋጤ፣ እስቲ እይልኝ።»

ፋጤ የልጆችን አፍ ገልጣ የምታይበትን ማንኪያዋን አነሳች። ልጅቱ ግን ገና አሁን እንቅልፍ ሸለብ አድርጓት ነበር፤ እናቷም ሁለት ቀን ዓይኗን አልከደነችም። አሳዘኗት። ማንኪያውን መልሳ አስቀመጠችው።

«አቧራው ነው የኔ እናት። ይተዋታል፣ ኢንሻ አላህ።»

ፋጤ አቧራ ነው ካለች ማን ይፈራል? የግቢው ሴቶች ልጆቻቸውን አዝለው ሊጠይቁ መጡ። የፋጤ ልጅ ናስራም የሰባት ወር ሕፃኗን ዛኪርን ሰልሰቢል አጠገብ አስተኛችው። ዛኪር የናስራ ጡት ደርቆበት አጥንቱ የሚቆጠር ልጅ ነው።

በአራተኛው ቀን ሰልሰቢል ከጆሮዋ ጀርባ ሽፍ አለባት፤ በማግስቱ ደረቷን ወረሳት። ክፍት ክሊኒክ ፍለጋ ሁለት ቀን ዞረው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ልጅቱ ትንፋሽ አጥሯት ሞተች። ሁስና አልወቀሰቻትም፤ እንዲያውም «አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር» አለቻት። ለፋጤ ግን ሁስና ብትረግማት ይሻላት ነበር።

ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን ዛኪር ሳለ። ፋጤ ፀሐይ ላይ አወጣችውና፣ እሪ ቢልም ሳታዝንለት፣ በማንኪያው እጀታ ጉንጩን ገለጥ አደረገች። የጨው ፍንጣቂው እዚያ ነበር።

«እማዬ፣ ምንድን ነው?» አለች ናስራ።

ፋጤ ማንኪያውን በልብሷ ጠረገችው።

«አቧራው ነው» አለች። ሀቡቡ ካቆመና ሰማዩ ከጠራ ግን አሥር ቀን አልፎታል።